ቮልሴ፣ ከረሜላውና ኮፈኑ

(አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። "ጻፈው" ያለኝ ሰው ስለበዛ እንዳለ አስቀመጥኩት። ትንሽ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። ሃሎዊንን ለማታውቁት፣ ኦክቶበር 31 ማታ ልጆች አስፈሪ አልባሳት ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት በዓል ነው።)

እንደምን አመሻችሁ? ኧረ ጠንከር አድርጉት! እንደምን አመሻችሁ? እንዲህ ነው እንጂ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ ስልክ ላይ የተደፋችሁ ልጆችም ጭምር፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እየተቆላ እንደሆነ ሸትቶኛል፤ ስለዚህ ብዙ እንደማትታገሱኝ አውቃለሁ። እኔ መካኒክ ነኝ። ንግግር ሙያዬ አይደለም። የማወራው መኪና ሥር ተኝቼ ነው፣ እሱንም ከራሴ ጋር።

የጠራችሁኝ በሃሎዊን ሰሞን አሮጌዋን ቮልሴን አስጌጬ ስለማወጣት ነው። ዘንድሮ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች አብራችሁኝ ልትወጡ አስባችኋል። ጥሩ። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ለምን እንደማደርገው። ሁለተኛ፣ አሮጌ መኪና ሳይጎዳ እንዴት እንደሚጌጥ። ሦስተኛ፣ ስለ እሳት። ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን እሱን ሳትሰሙ ከምትወጡ ሁለቱን ባትሰሙ ይሻለኛል።

እሺ፣ አንደኛ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። በሃሎዊን ማታ የበረንዳውን መብራት አጥፍቶ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ፣ ልጆቹ እስኪያልፉ ድረስ ሳሎኑ ውስጥ በጨለማ የተቀመጠ ማነው? አትፈሩ፣ አውጡ። እኔ ሁለቱንም እጄን ነው የማወጣው። ስድስት ዓመት እንዲህ አሳልፌያለሁ። የበረንዳ መብራት ከጠፋ እዚህ ቤት ከረሜላ የለም ማለት እንደሆነ ስሰማ ደስ ነበር ያለኝ፤ መገላገያ አገኘሁ ብዬ። አንዳንዱ ልጅ ግን ይህን አያውቅም፣ ደወሉን ይደውላል። ባለቤቴ "ዝም በል፣ ይሄዳሉ" ትለኛለች። ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን። በገዛ ቤታችን፣ ኪራዩን ራሳችን በምንከፍለው ቤት፣ እንደ ሌባ!

ለምን እንደተደበቅን ታውቁታላችሁ። የሰይጣን በዓል ነው ተብለናል። እዚህ ፊት የተቀመጡት እትዬም ገና ስገባ "ልጄ፣ ይሄን ነገር ልታለማምደን ነው የመጣኸው?" ብለውኛል። እትዬ፣ አላለማምድም። እምነቴ አይፈቅድልኝም ያለ ሰው ይቅርበት፣ እኔ አልከራከረውም። እናቴም እኮ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አይታ "ኦክቶበር 31 ጥቅምት 21 አይደል እንዴ? በማርያም ቀን ጭራቅ ልትሆን ነው?" ብላ ልታባርረኝ ነበር። እኛ የምንሰበሰበው ከዋናው ቀን በፊት ባለው ቅዳሜ ነው ብዬ ነው የተረፍኩት። እውነትም ቅዳሜ ነው።

ስለ በዓሉ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ እናንተ ፍረዱ። ስሙ የመጣው ከዋዜማ ነው። ምዕራባውያኑ ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል አላቸው፣ ሃሎዊን የዚያ ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች አዝመራ ተሰብስቦ ክረምታቸው ሲገባ የሚያከብሩት ሳዊን የሚባል አሮጌ በዓል ነበራቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይሪሾቹ ወደዚህ ሲሰደዱ ይዘውት መጡ፤ ስደተኛ ያለ በዓሉ አይሰደድማ። አገራቸው ሳሉ ፈልፍለው ፊት የሚያወጡለት ተርኒፕ ለሚባል የሥር አትክልት ነበር። እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙ። ትልቅ፣ ለቢላ የሚመች። እናቴ እስከ ዛሬ ተፈልፍሎ የተጣለ ዱባ ባየች ቁጥር ልቧ ይደማል። "ይሄ ሁሉ ወጥ!" ትላለች።

ከዚያ ረብሻው መጣ። የድሮ ሃሎዊን ከረሜላ አልነበረም፣ የጎረምሳ ተንኮል ነበር። አኖካ የምትባል የሚኒሶታ ከተማ በፈረንጆቹ 1920 ልጆቹን ከተንኮል ላውጣቸው ብላ ሰልፍ አዘጋጀች። አልባሳት ልበሱ፣ በከተማው ዙሩ አለቻቸው። እስከ ዛሬ የዓለም የሃሎዊን ዋና ከተማ ነኝ ትላለች።

"ያው እንደኛ ቡሄ ነው" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እኔም እል ነበር። አሁን አልልም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል። የቡሄ ልጅ ሆያ ሆዬ እያለ፣ ዱላውን መሬት ላይ እየደቃ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ ነው ሙልሙሉን የሚቀበለው። ሠርቶ ነው። የዚህ አገር ልጅ ከረጢቱን ይዘረጋል፣ አንዲት ነገር ይላል፣ ይወስዳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ቮልስ ዘንድ ደንብ አለ። ዘፍነህ ውሰድ። በፈለግከው ቋንቋ! የኤልሳልቫዶር ልጅ በስፓኒሽ ይዘፍንልኛል፣ የጎረቤቴ ልጅ የትምህርት ቤቱን መዝሙር፣ የኛዎቹ ደግሞ "እዚያ ማዶ" ብለው ይጀምሩና ቀጣዩ ይጠፋባቸዋል፤ እኔ እሞላላቸዋለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ። ቮልሴ የ1966 ሞዴል ናት። ከአንድ ሽማግሌ ጎተራ ውስጥ ሳትነሳ ነው የገዛኋት። ለምን ገዛሃት ትሉኛላችሁ። ያደግኩት አጎቴ ቮልስ ውስጥ ነዋ! አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ አንድ ቮልስ ያለው ዘመድ ነበረው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ የወጣችው በ2003 ነው። ለአጎቴ ቮልስ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራን በእግሬ የዞርኩት ልጅ ሆኜ ነው።

የሃሎዊኑ ነገር የተጀመረው በስህተት ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሆናለች፣ እዚያ ጥግ ላይ ፊቷን ሸፍናለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። ትራንክ ኦር ትሪት አለ፣ መኪናችሁን አስጌጣችሁ ኑ ይላል። ለማታውቁት፣ መኪኖች መኪና ማቆሚያ ላይ ይደረደራሉ፣ የዕቃ መጫኛቸው ተከፍቶ ይጌጣል፣ ልጆች ከመኪና መኪና እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። መኪናው የቤት ምትክ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች ያደርጉታል። ምክንያቱም አለው። የ42 ዓመት የአደጋ መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2018 እንዳወጡት፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ ከሌላው ምሽት በ43 በመቶ ይበልጣል። ጨለማ፣ ጥቁር ልብስ፣ የሚሮጥ ሕፃን። የቆመ መኪና ግን ማንንም አይገጭም።

እና እኔ ለልጄ "በቃ፣ ኮፈኑን እናስጌጠዋለን" አልኳት።

(እዚህ ላይ ልጆቹ ቀድመው ሳቁ፤ ወላጆቹ ዘግይተው።)

አያችሁ? ልጆቹ ገብቷቸዋል። ለኛ ኮፈን የመኪናው ክዳን ነው፣ ጣልያን ትቶልን የሄደው ቃል፣ ኮፋኖ። በእንግሊዝኛ ግን ኮፈን የሬሳ ሣጥን ነው! ከጋራዥ ስመለስ ልጄ የማቀዝቀዣ ካርቶን ቆርጣ፣ ጥቁር ቀለም ቀብታ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ የሬሳ ሣጥን ሠርታ ሳሎን መሀል ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። "ዳዲ፣ ኮፈኑ አልቋል" አለችኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ ታማትባለች። ለካ ይቺ ልጅ በየቀኑ ስልክ ላይ "ኮፈኑን ክፈተው፣ ኮፈኑን ዝጋው፣ ኮፈኑ አልገጥም አለኝ" እያልኩ ስትሰማ የኖረችው ሌላ ሥራ ነው!

ሣጥኑን አልጣልነውም። ቆራርጠን ጥርስ አደረግነው። ቮልስ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው፣ ሞተሯ ከኋላ። የፊት ክዳኗ ሲከፈት አፍ ነው፤ ክብ ክብ መብራቶቿ ከታች በግራና በቀኝ ዓይን ናቸው። እግዜር ለዚህ ሥራ የፈጠራት ነው የምትመስለው። ጥርሱን ከላይና ከታች ደረደርን፣ ቀይ ብርድ ልብስ ምላስ አደረግን፣ ምላሱ ላይ ከረሜላ። ልጆቹ እጃቸውን አፏ ውስጥ ለመክተት ሲፈሩ፣ ሲገፋፉ፣ ሲጮሁ ብታዩ!

ስህተትም ነበረው። የ1966ቷ ቮልስ ነዳጅ ታንከሯ ያለው እዚያው ከፊት፣ ከምላሱ ሥር ነው። ቤንዚን የሚቀዳውም ክዳኑ ተከፍቶ ነው፤ ከውጭ መቀዳት የጀመረው ከ1968 ሞዴል ወዲህ ነው። እኔ ሞኙ ጠዋት ሞልቼ ከረሜላውን በላዩ ደረደርኩት። አንድ የዳይኖሰር ልብስ የለበሰ ልጅ አንዷን ልጦ ጎረሰ፣ ቆም ብሎ አሰበ፣ ከዚያ ለእናቱ "ይሄ ከረሜላ መኪና መኪና ይላል" አላት። አሁን ቀድሞ አይቀዳም። ከረሜላውም ክዳን ባለው ዕቃ ነው የሚገባው።

ለምን እንደማደርገው ግን አልነገርኳችሁም። በሁለተኛው ዓመት ያ አጎቴ፣ ባለ ቮልሱ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ብርድ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ልጆቹ የሙት መንፈስ ነው ብለው ዙሪያውን ይሄዱለት ጀመር፣ ከየመኪናው ከረሜላ አምጥተው ይሰጡታል፤ እሱ እየመረቀ ይቀበላል። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጣ። በወጣትነቱ ቮልስ ነበረው። አጎቴ እንግሊዝኛው "ጉድ ሞርኒንግ" ላይ ያበቃል፣ ማታም ቢሆን። ሁለቱ ምን ተነጋገሩ መሰላችሁ? ሽማግሌው እጁን አየር ላይ ጨብጦ ካምቢዮውን ወደ ታች ተጫነና ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ሳበ። የኋላ ማርሽ! አጎቴ ወዲያው በራሱ እጅ ደገመለትና "እሱ ነው! እሱ ነው!" አለ። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ፣ ፍሪሲዮን ረገጡ፣ ካንዴላ ፈቱ፣ ዳገት ወጡ፣ አየር ላይ። እኔ ስድስት ዓመት መብራት አጥፍቼ የተደበቅኩት ከነዚህ ሰዎች ነበር እንዴ? አልኩ።

ሁለተኛ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ እኔ ልድረስ።

አሮጌ መኪና እንዴት ይጌጣል? ይህን የተማርኩት ከሃሎዊን አይደለም፤ ከሠርግ ነው። እኛ እኮ መኪና ማስጌጥ ማንም አያስተምረንም። ልጅ እግር ሆኜ አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ፣ ለሙሽራ የሚከራይ ጥቁር አሮጌ መርሴዲስ እንዳስጌጥ ተላክሁ። አበባውን በፕላስተር ለጠፍኩት። ሪባኑንም በፕላስተር። አምሮ ነበር። ሙሽሮቹ ሲዞሩ ዋሉ፣ ፀሐዩ ሲያነደው ዋለ። ማታ ፕላስተሩን ስልጥ ቀለሙም አብሮ መጣ! እንደ እንጀራ ነው የተላጠው። ባለቤቱ ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ቁጭ አለ፣ እሱ ነው የባሰው። ለቀለሙ ስንት ወር ደመወዜ እንደተቆረጠ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ፕላስተር የለም። ማግኔትም የለም፤ ከሥሩ አንዲት አሸዋ ካለች መስመር ሠርታ ትሄዳለች። በጥጥ ገመድ እሰሩ፣ በሩ ላይ፣ ፓራውልቱ ላይ፣ በተከፈተ መስኮት አሳልፋችሁ። ገመዱ የሚነካበት ቦታ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ጣሉ። ዱባ ክዳን ላይ የምታስቀምጡ ከሥሩ ብርድ ልብስ አድርጉ፤ የተፈለፈለ ዱባ ውኃ ያዣል፣ ውኃው ቀለሙ ላይ ክብ ምልክት ይተዋል። ከጣሳ የሚረጨውን ያን የአረፋ ክር ልጅ ይዞ ካያችሁ በትህትና ከመኪናው አርቁት፤ ቀለም ይበላል። ጎረምሶች የሚወረውሩት እንቁላል ደግሞ ይባስ፤ ወዲያው በውኃ ካልታጠበ ይጎዳዋል። የሸረሪት ድር የሚመስለው ጥጥ ያምራል፣ አልክድም። ግን በየስንጥቁ ይገባል፤ እኔ እስከ ፋሲካ ድረስ ከመስተዋት መጥረጊያው ሥር ስለቅም ነበር።

መብራት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አሜሪካ የገባች የ1966 ቮልስ 6 ቮልት ናት፣ 12 ቮልት የመጣው በ1967ቱ ነው። እኔ መካኒኩ፣ እኔ አዋቂው፣ ከሱቅ የ12 ቮልት ጌጥ መብራት ገዝቼ ሰካሁ። ጭል እንኳ አላለም! በትናንሽ ባትሪ የሚሠሩትን ገመድ መብራቶች ግዙ፣ ርካሽ ናቸው፣ መኪናዋን አይነኩም።

ይህን ስል ግን ዓይኖቿን ረሳሁ። የፊት መብራቶቿን ዓይን ስላደረግኋቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ አበራኋቸው። ሞተር ጠፍቶ፣ በ6 ቮልት ባትሪ! ፕሮግራሙ አልቆ ቁልፍ ባዞር ጸጥ። ምን ይደረጋል? በግፊ። እስቲ አስቡት። አንድ አጽም፣ አንዲት ጠንቋይ፣ ያ ዳይኖሰር፣ ሁለት ንብ፣ ከመሀል አጎቴ በጋቢው፣ በጨለማ ቮልስ ሲገፉ። ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ሾፌሩ መስኮቱን አውርዶ አፉን ከፍቶ ቀረ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ሁሉም አጨበጨበ፣ አጽሙም ጭምር።

ለቮልሷ የሚሆን የ6 ቮልት አምፖል ፍለጋ በማግስቱ ዓመት ፔንሲልቬኒያ፣ ኸርሺ ሄድኩ። በ1935 የተቋቋመው የጥንታዊ መኪኖች ክለብ ዋና ቤት እዚያ ነው፣ በየዓመቱ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ትልቅ የመለዋወጫ ገበያ አለ። ሶማሌ ተራን ሜዳ ላይ ዘርጉትና አሥር እጥፍ አድርጉት። የሚገርመው ኸርሺ የቸኮሌቷ ከተማ መሆኗ ነው፤ የዋናው መንገድ መብራቶች እንኳ የቸኮሌት ቅርጽ አላቸው። የአሮጌ መኪና ዕቃና የሃሎዊን ከረሜላ አንድ ከተማ! አምፖሉን አገኘሁ። ቸኮሌቱን መንገድ ላይ ጨረስኩት።

ታርጋ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ቨርጂንያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ማውጣት ይችላል። ግን ሥራ መመላለሻ ሌላ መኪና ሊኖራችሁ ይገባል። ለትርኢት፣ ለሰልፍ፣ ለመንሸራሸር ነው፤ መንሸራሸሩም ከቤታችሁ 250 ማይል ባላለፈ ርቀት። የኛ መኪና ማቆሚያ ሁለት ማይል ነው፣ አትጨነቁ። ደግሞ አሮጌ ማለት ቮልስ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ጓሮ የቆመው ቶዮታ ካምሪ 25 ዓመት አልፎታል፣ ባለቤታችሁ ጣለው ያለችው እሱ። ይምጣ።

ሦስተኛ። እሳት። ስልካችሁን አስቀምጡልኝ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሻማ የለም። ዱባ ውስጥም የለም፣ በጣሳ ውስጥም የለም፣ ሩቅ ነውም የለም። ነዳጅ ታንከሩ የት እንዳለ ነግሬያችኋለሁ። ጣልያን ሻማን ካንዴላ ይላል፤ እኔ የምፈቅደው ካንዴላ ሞተር ውስጥ ያሉትን አራቱን ብቻ ነው። ድርቆሽ የሚያምራችሁ ከጭስ ማውጫው አርቁት፣ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል። ባለ ቮልሶች ስሙኝ፣ ባትሪያችን ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ውስጥ ብረት ሽቦ ነው። ባትሪው ላይ መሸፈኛው ከጠፋና ከላይ ከበድ ያለ ሰው ከተቀመጠ ሽቦው የባትሪውን ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ ወንበሩ መጨስ ይጀምራል። ይህ ተረት አይደለም፣ በእጄ ያጠፋሁት ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ወንበሩን አንስታችሁ እዩ። መሸፈኛ ከሌለ እኔ ጋራዥ ኑ፣ ጎማ ቆርጬ በነፃ እገጥምላችኋለሁ።

ሌላው፣ ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። የአሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ከማመን ፖለቲከኛ ማመን ይሻላል። እሳት ማጥፊያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ እኔ ሁለት አለኝ። ለውዝ የማይስማማቸው ልጆች አሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ኮሎ ከኦቾሎኒ ጋር በትናንሽ ፌስታል ቋጥሬ ላድል ነበር፣ አንዲት እናት ናት በጊዜ ያስቆመችኝ። የታሸገ ብቻ።

ጨረስኩ። እትዬ፣ እጅዎን አይቻለሁ፣ ይጠይቁ። ... "አጽም ይኖራል ወይ?" ነው የሚሉት። እኔ መኪና ላይ የለም፣ ቃሌን እሰጥዎታለሁ፤ ጥርስ ብቻ ነው፣ እሱም ካርቶን ነው። ከፈለጉ ወንበር አመጣልዎታለሁ፣ ከቮልሷ አጠገብ ተቀምጠው ዘፈን የሚፈርዱት እርስዎ ይሁኑ። ሳቁ! ሳቁ ማለት እሺ ነው።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ለመደርደር፣ ልጆቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምለው፣ ባለፈው ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መስሎት የደወለልኝ ሰው እዚህ አለ። ቮልሷ ውጭ ቆማለች። ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ኮፈኑን እከፍትላችኋለሁ። ደግሞ ባለፈው እንዳደረጋችሁት ከኋላ እንዳትሰለፉ፣ እዚያ ያለው ሞተር ነው። ከፊት ነው፣ ከፊት።